ለጠገራ ብርና ለወርቅ ቅንጣት አንድ ኮይል ይበቃል?

የአጎቴ ልጅ ከአሶሳ ደውሎ «አንተ የፊዚክስ ተማሪ ነህ አይደል? ይሄ መሣሪያ ለምንድን ነው ወርቅ የማያሳየኝ?» አለኝ። እቁብ ሲደርሰው የገዛው ያገለገለ የብረት መፈለጊያ ነው። አንድ ወር ሙሉ ቢዞር ያገኘው ሚስማርና የጠርሙስ ቆርኪ ብቻ ነበር። እኔም «ዕድልህ ነው» ብዬ ቀለድኩበት። ቆይቼ ግን ፍሪኩዌንሲውን ስጠይቀው 7 ኪሎኸርዝ መሆኑን ነገረኝ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ያኔ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ኮይሉ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። መስኩ በተቀበረው ነገር ውስጥ ኤዲ ከረንት ያስነሳል፤ ይኸው ከረንት በበኩሉ የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። በትንሽ ቅንጣት ውስጥ ከረንቱን በዋናነት የሚያግደው ሬዚስታንስ ስለሆነ፣ ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ከረንቱም ይጨምራል። በትልቅና ወፍራም ነገር ውስጥ ግን የሚያግደው የራሱ ኢንዳክታንስ ነው። ይህ እገዳ ከፍሪኩዌንሲው ጋር አብሮ ስለሚያድግ አንዱ የጨመረውን ሌላው ይበላዋል።

ይህንን በላቦራቶሪ ለማየት ሁለት ኮይል ጠምጥሜ፣ ከአያቴ አንድ ጠገራ ብር፣ ከእናቴ ደግሞ የተሰበረ የወርቅ ሎቲ ስባሪ ተዋስኩ። (አያቴ እስክመልስላት እንቅልፍ አልወሰዳትም።) የሚመለሰውን መስክ ከሚላከው ጋር እያነጻጸርኩ ስለካ፣ 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ በ3 ኪሎኸርዝም በደንብ ታየ፤ ፍሪኩዌንሲውን ብጨምርም ብዙ አልተለወጠም። ስባሪው ግን በ3 ኪሎኸርዝ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ 20 ስጠጋ ብቅ አለ።

አንዳንዶች «ወርቅ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ነው» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። ንጹሕ ወርቅ የመዳብን 70 በመቶ ያህል ያስተላልፋል። ወሳኙ የቅንጣቱ ማነስ ነው፤ ከብር ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ ደግሞ ይብስበታል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ከፍተኛውን አንመርጥም? ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እርጥብና ጨዋማ አፈርንም እንደ ብረት ይሰማል፤ ብጥቅጣቂ ፎይል ሳይቀር ይጮኽበታል። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይማ ነጠላ ፍሪኩዌንሲ በጠቅላላው ስለሚቸገር በፐልስ የሚሠሩ መሣሪያዎች ይሻላሉ።

በብዙ መሣሪያዎች ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ሳጥኑ በመሆኑ ኮይል መቀየር ብቻ አይበቃም። እንደ ማይንላብ ኤክስ-ቴራ 70 ያሉት ግን ባለ 3፣ ባለ 7.5 እና ባለ 18.75 ኪሎኸርዝ ኮይል ይቀበላሉ። የአጎቴ ልጅ መሣሪያ ከነዚህ ወገን አይደለም።

«እንግዲያው ትልቅ ኮይል ልግጠምበትና ጠልቆ ይይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትልቅ ኮይል ትልቁን ነገር ጠልቆ ያያል፤ ቅንጣቱን ግን ይስተዋል። ደግሞም ከኮይሉ ስፋት አንጻር ራቅ ላለ ትንሽ ነገር፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64 ጊዜ ይዳከማል። ስለዚህ ያለውን መሣሪያ ሸጦ 18 ኪሎኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ እስኪገዛ ድረስ፣ አፈሩን በስስ በስሱ እየገፈፈ እያንዳንዱን ንጣፍ ኮይሉን ወደ መሬት አስጠግቶ እንዲፈትሽ ነገርኩት።