ጆንያው ስንት እጅ ነካው?

ዛሬ ከዕለቱ ዋጋ ወጣ ብለን ዋጋው ውስጥ ስለተደበቀ ወጪ እንማማር።

ብዙ ሰው የማጓጓዣ ወጪ ሲባል ርቀት ብቻ ይታየዋል። በድሮ የመርከብ ሥራ ግን ኪስ የሚያራቁተው ወደቡ ነበር፤ ጆንያው አንድ በአንድ በሰው ጉልበት ይጫናል፣ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ኮንቴይነር በመርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ያኔ 1 ቶን ልቅ ዕቃ ለመጫን 5.83 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር። በእሱ መርከብ ወደ 16 ሳንቲም ወረደ።

ታዲያ ሁሉም እልል ብሎ ተቀበለው? የለም። የወደብ ሠራተኛው «እንጀራዬ ነው» አለ። ለንደን አጠገብ ያለው የቲልበሪ ወደብ አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ከ1968 ጀምሮ በማኅበሩ እገዳ 2 ዓመት ያህል ተስተጓጎለ። ዕቃው ግን አልጠበቀም፤ ወደ ሮተርዳም ዞረ። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ደግሞ በ1960 ተስማሙ፦ አሠሪው ማሽን ያስገባል፣ ለሠራተኛው ጡረታና ደመወዝ ዋስትና ፈንድ ይከፍላል።

ወደ ቡናችን እንምጣ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይጭናል። ያለ ጆንያ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ በሚዘረጋ ትልቅ ከረጢት ልቁን ቢሞላ 21 ቶን ገደማ ይገባል። የመርከብ ኪራዩ ያው የአንድ ኮንቴይነር ነው። ግን ጆንያ የሚመርጥ ሁሉ ኋላ ቀር አይደለም። በየጣቢያው የተለየ ቡና በትንሽ መጠን የሚገዛ ደንበኛ እንዲቀላቀልበት አይፈልግም።

እኛ ጋስ? የማርቆስ ጤፍ እህል በረንዳ እስኪደርስ ከሚዛን ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አይሱዙ፣ እዚያም ደግሞ ይወርዳል። ማዳበሪያውም ጅቡቲ ልቁን ደርሶ እዚያው በ50 ኪሎ ይታሸግና መኪና ላይ ይወጣል፤ ገበሬው እጅ እስኪገባ ስንቴ ይወርዳል፣ ስንቴ ይጫናል? ሁሉም ዋጋው ላይ ይደመራል።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ መንገዱን ማሳጠር የፈለገ በመንገዱ ላይ የሚኖረውን ሰው ድርሻ አስቀድሞ ይነጋገር። ጫኝና አውራጁም፣ እኛ ደላሎችም «አይሆንም» ብቻ ካልን ዕቃው ሌላ በር ያገኛል።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት አንድ ኩንታል ስንት እጅ እንደነካውና በእያንዳንዱ ስንት ብር እንደወጣ ጻፉ። ድምሩን ከትርፋችሁ ጎን አስቀምጡት።

መልካም ገበያ!