የትኛው ቃል ይድመቅ? የአፈር መግለጫን በኮድ ስለማዘጋጀት

“የጋዜጠኝነት ተማሪ ከአፈር ጋር ምን አገናኛት?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ የአፈር ምርመራ ቢሮ ጽሑፍ ስተይብ ነበር የከረምኩት። እዚያ የሠራሁት አንድ ስሕተት ስለ ኮድም ስለ ሙያችንም ስላስተማረኝ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

በመጀመሪያ የአፈር መግለጫ ምን እንደሆነ እንይ። ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይቆፈራል። በየጥልቀቱ የሚወጣው አፈር ታይቶ በአጭር ዐረፍተ ነገር ይገለጻል። ለምሳሌ፦ “ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ጥቂት ጠጠር ያለበት አሸዋማ ሸክላ።” እዚህ ላይ ዋናው አፈር ሸክላው ነው፤ አሸዋውና ጠጠሩ አጃቢ ናቸው። ገልብጠን “ሸክላማ አሸዋ” ካልን ግን ሌላ መሬት ሆነ ማለት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአዲስ አበባ በተለያዩ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ የሸክላ አፈር ዓይነት ነው። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያረፈውንም ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል። አሸዋ እንዲህ ዓይነት ጠባይ የለውም።

ቢ ኤስ 5930 በተባለው የእንግሊዞች ደንብ መሠረት የዋናው አፈር ስም በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል። አንባቢው ገጹን ሲያገላብጥ ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ነው። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ስለዚህ ቢሮው ለባለንብረቶች በአማርኛ በሚያዘጋጀው ማጠቃለያ ላይ ያ ቃል በደማቅ ይጻፋል።

ማድመቁ የእኔ ሥራ ነበር። አንድ በአንድ መሄዱ ሲሰለቸኝ ፈልጎ የመተኪያውን ትእዛዝ ከፈትኩና አሸዋ፣ ሸክላ፣ ደለል፣ ጠጠር የሚሉትን በየተራ “ሁሉንም አድምቅ” አልኩት። በሁለት ደቂቃ አለቀ! ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ኢንጂነሩ ወረቀቱን ይዘው ቆመዋል።

“አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ይሄ መሬት ሸክላ ነው አሸዋ?” አሉኝ።

“ሸክላማ አሸዋ” በሚለው ላይ “ሸክላ”ም “አሸዋ”ም ደምቀዋል፤ “ማ” ብቻዋን ሳትደምቅ ቀርታለች።

“ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው እኮ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ባለቤቱ ሙሉውን አያነበውም፤ የደመቀውን ነው የሚያየው” አሉኝና ሄዱ። ወረቀቱ በማግሥቱ ጠዋት የሚወጣ ነበር።

ለካ ኮምፒውተሩ ትርጉም አያውቅም፤ የሚፈልገው ቅርጽ ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ “ደለላማ” እና “ጠጠራማ” አልተነኩም ነበር። ለምን? “ደለል” ላይ “ማ” ስትጨመር “ል” ወደ “ላ” ይለወጣል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለ“ል” እና ለ“ላ” ለየብቻ ቁጥር ስለሰጣቸው ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አይገናኙም። “አሸዋ” እና “ሸክላ” ግን በራብዕ ስለሚያበቁ “ማ” ስትቀጠልባቸው ምንም አይለወጡም። ወጥመዱ እዚያ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል። የምንፈልገውን ጽሑፍ ቅርጽ በምልክቶች የምንገልጽበት መንገድ ነው። ሐሳቡን የሒሳብ ሊቁ ስቲፈን ክሌይኒ በ1950ዎቹ አመነጨው፤ ኬን ቶምፕሰን ደግሞ በ1968 ለኮምፒውተር የጽሑፍ ፍለጋ እንዴት እንደሚውል አሳየ። እኔ የተማርኩት በሦስት ደረጃ ነው።

አንደኛ፦ (አሸዋ|ሸክላ|ደለል|ጠጠር)
ቀጥ ያለችው መስመር “ወይም” ማለት ናት። አራቱን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግን የእኔን ስሕተት ይደግማል።

ሁለተኛ፦ (አሸዋ|ሸክላ|ደለል|ጠጠር)(?!ማ)
“ማ ከተከተለችው ተወው” ማለት ነው። “አሸዋማ” ዳነ። ሆኖም “ጥቂት ጠጠር ያለበት” የሚለው ውስጥ ያለው ጠጠር አሁንም ይደምቃል።

ሦስተኛ፦ (አሸዋ|ሸክላ|ደለል|ጠጠር)(?=[፣።])
“ነጠላ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ሲከተለው ብቻ ውሰደው” ማለት ነው። በአማርኛ ገላጩ ቀድሞ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይሄኛው ያዋጣል።

መሞከር የፈለገ በነጻ በሚገኘው ሊብሬኦፊስ ራይተር ላይ የፈልግና ተካን መስኮት ከፍቶ የሬጉላር ኤክስፕሬሽንን ምርጫ ያብራ። ከላይኛው ሳጥን ሦስተኛውን ቀመር፣ ከመተኪያው ሳጥን ደግሞ & የሚለውን ምልክት ጽፎ ቅርጹን ደማቅ ያድርግ። ምልክቷ “ያገኘኸውን ራሱን መልሰህ ጻፍ” ማለት ናት፤ ቃሉ ሳይቀየር መልኩ ብቻ ይቀየራል።

አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። “ሸክላማ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ ጠጠር።” የሚል መግለጫ ቢመጣ ቀመሩ ጠጠሩንም ያደምቀዋል፤ ጠጠሩ አጃቢ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን “ሁሉንም ተካ” የሚለውን አልነካውም። ቀመሩ ቃሉን ያገኝልኛል፣ እኔ ዐረፍተ ነገሩን አነባለሁ፣ ከዚያ እፈቅዳለሁ። ያም ሆኖ በእጅ ከመልቀም በጣም ይፈጥናል።

ውድ አንባቢያን፣ የኢንጂነሩ ነገር እኛንም ይመለከተናል። የጋዜጣችን አንባቢም ብዙ ጊዜ የደመቀውን አይቶ ነው የሚያልፈው። ዜናው ውስጥ “ተጠርጥሮ ተያዘ” ብለን አርዕስቱ ላይ “ሌባው ተያዘ” ካልን፣ ከታች ያለው ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር አያድነንም። ማድመቅ ማስዋብ ብቻ አይደለም፤ “ዋናው ነገር ይሄ ነው” ብሎ መናገር ነው። የተናገረ ደግሞ ይጠየቃል።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት!