ቅንዓት የፍቅር ምልክት አይደለም

የጎልማሳ ጠባይ የሚታወቀው ደስ ብሎት ሳለ በሚናገረው ቃል ሳይሆን፣ የሚወዳት ልጅ «እንቢ» ባለችው ጊዜ በሚያደርገው ነገር ነው። አምኖን የአባቱን ልጅ ትዕማርን ከመውደዱ የተነሣ ከስቶ እንደ ነበረ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ተጽፏል። ነገር ግን ታመምሁ ብሎ አታለላት፤ ብትለምነው አልሰማትም፤ ካስነወራትም በኋላ ከቀድሞው ፍቅሩ በሚበልጥ ጥላቻ ጠልቶ አስወጥቶ በሩን አዘጋባት። እንግዲህ የወደደው የገዛ ፈቃዱን እንጂ ልጂቱን አልነበረም።

የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ የዘመናችን ሊቃውንትም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ፖልሁስና ዊልያምስ የተባሉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ራስን ማምለክን፣ ተንኰልንና ርኅራኄ ማጣትን አዛምደው መረመሩ። ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች እነዚህን ጠባዮች፣ ከእነርሱም ጋር ቅንዓትንና ፈጥኖ መቈጣትን፣ እጮኛቸውን በሚመቱ ወጣቶች ዘንድ አዘውትረው አግኝተዋቸዋል። ቍጡ የሆነ ሁሉ ይማታል ማለታችን አይደለም፤ ጠባይ በተግሣጽ ይገራልና። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩት አራዊቱ ስለ ተገዙላቸው ነው፤ በወሩ በ5ኛው ቀን ሳሪስ አቦን ለመሳለም የሚመጣ ጎልማሳም ሥዕሉን ሲያይ እርሱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ልጃገረዶች ከዘመድ ርቀው በፋብሪካ ይሠራሉ። እጮኛዋ ስልኳን ቢበረብር፣ ደመወዟን ቢቈጣጠር፣ ከባልንጀሮቿ ቢለያት፣ «ቢወደኝ ነው» የምትል አለች፤ ይህንንም የምትነግረው ለንስሐ አባቷ ብቻ ይሆናል። እርሱም «ስትጋቡ ይተወዋል» ቢላት ምን ያድናታል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም የኑሮ ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶው 71ዱ በዕድሜያቸው ከእርሱ ድብደባ ወይም በግድ መደፈር እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ጋብቻ የክፉ ጠባይ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የሚጠራው የትዳር ጓደኛንና ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖረውን ሰው ነው፤ እጮኛ በስም አልተጠራችም። ሆኖም የአካል ጉዳት የሚያስቀጡት አንቀጾች ለማንም ሰው ናቸውና፣ የተመታች ልጅ ለፖሊስ ብታመለክት ኃጢአት እንደ ሠራች ቈጥሮ መገሠጽ አይገባም። ሽማግሌ ልኮ «አስታርቁን» የሚለውንም ወጣት ካህኑ አስቀድሞ ለብቻው አቅርቦ «ብትተውህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀው። «እርሷን ገድዬ እኔም እሞታለሁ» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ፣ ከሽምግልናው ይልቅ ለልጂቱ መሸሸጊያ መፈለግ ይቀድማል።