የባሕር በረዶ መመናመንና የዋልታ ድብ የረሃብ ወራት፦ የምዕራብ ሃድሰን ቤይ ሁኔታ

የዋልታ ድብ በባሕር በረዶ መመናመን ምክንያት ህልውናው አደጋ ላይ መውደቁ በሰፊው ይነገራል፤ አደጋው በምን መንገድ ወደ እንስሳው አካል እንደሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ይታለፋል። ለዚህ ጥያቄ የጠራ መልስ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ በካናዳ፣ በማኒቶባ ግዛት ከቸርችል ከተማ አጠገብ የሚገኘው ምዕራባዊ ሃድሰን ቤይ ነው። በዚህ የባሕር ወሽመጥ በረዶው በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀልጥ ድቦቹ ከሐምሌ ገደማ እስከ ኅዳር በየብስ ላይ ይቆያሉ። ይህ ቆይታ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋር ሲነጻጸር ሦስት ሳምንት ያህል ረዝሟል።

የድቡ ዋነኛ ምግብ አቆስጣ የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ በተለይም ስቡ ነው። አቆስጣ ለመተንፈስ በበረዶው ቀዳዳ ብቅ ሲል ድቡ አድፍጦ ይይዘዋል፤ በክፍት ውኃ ግን በዋና ሊደርስበት አይችልም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የአቆስጣ ግልገሎች በስብ የዳበሩበት፣ ከአዳኝ መሸሽንም በቅጡ ያልተማሩበት ስለሆነ ድቡ የዓመቱን አብዛኛውን ስብ የሚያከማቸው ያን ጊዜ ነው። በረዶው ቀድሞ ሲሰባበር የሚቀነሰው ከዚሁ የጥጋብ ወቅት ላይ ነው። በረዶ አልባ ቀናትን በጅምላ መቁጠር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ድቦቹ የየብስ ምግብ ይለምዳሉ የሚለው ተስፋ ብዙ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በዚሁ አካባቢ 20 ድቦችን በየብስ ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ፣ 19ኙ ክብደት መቀነሳቸውን አረጋግጧል፤ ቅናሹ በአማካይ በቀን 1 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከፊሎቹ ተኝተው ጉልበታቸውን ቆጥበዋል፤ ሌሎቹ የዱር ፍሬና ሣር ሲለቅሙ ውለዋል። ውጤቱ ግን ተቀራራቢ ሆነ።

ዕዳውን አስቀድማ የምትከፍለው እናት ናት። ድቦች የሚጣመሩት በጸደይ ቢሆንም የዳበረው ዕንቁላል በማኅፀን ግድግዳ ተጣብቆ ማደግ የሚጀምረው ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ነው። የእናቲቱ ስብ ካልበቃ እርግዝናው አይቀጥልም፤ ከቀጠለም እስከ ስምንት ወር ያለ ምግብ መቆየት ይኖርባታል። ቀደም ሲል በዚሁ ስፍራ በተደረገ ጥናት፣ በመጸው ከ189 ኪሎ ግራም በታች የመዘነች ሴት ድብ በቀጣዩ ጸደይ ደቦል ይዛ አልተገኘችም። ስለሆነም ጉዳቱ በጎልማሶች ሞት ሳይታይ ባልተወለዱ ደቦሎች ሊጀምር ይችላል። በቸርችል ዙሪያ ድቦች በብዛት መታየታቸውን የመብዛታቸው ማስረጃ አድርጎ መውሰድም አሳሳች ነው፤ የተራበ ድብ ወደ ሰው መንደር ይቀርባልና።

ቆጠራውም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1980ዎቹ 1,200 ያህል የነበሩት ድቦች በ2016 ወደ 842፣ በ2021 ደግሞ ወደ 618 ዝቅ ብለዋል፤ ቅናሹ ጎልቶ የታየው በሴቶችና በታዳጊዎች ላይ ነው። ከፊሉ ወደ ጎረቤት አካባቢ በመሄድ የተከሰተ ሊሆን እንደሚችል አጥኚዎቹ አልሸሸጉም። በሌላ በኩል በአላስካና በሩሲያ መካከል ያለው የቹክቺ ባሕር በረዶው ቢቀንስም ድቦቹ በመልካም ይዞታ ላይ ተገኝተዋል፤ ባሕሩ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ በምግብም የበለጸገ ነውና። የሃድሰን ቤይ አኃዝ ያለ ማስተካከያ ለሌሎች አካባቢዎች የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።