የሰውነት እንቅስቃሴና ልኩ

መብል ለሰው ሁሉ አስፈላጊ ሲሆን ልክ እንዳለው፤ የሰውነት እንቅስቃሴም እንዲሁ ልክ አለው። ያነሰ እንደሆነ አይጠቅምም፤ የበዛ እንደሆነ ይጎዳል። ከእኛ ከተማሪዎች ግን ብዙዎቻችን ይህን ልክ አናውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛችን ፈተና ደረሰ ብሎ ወራት ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ከረመና በስፖርት በዓል ቀን 1,500 ሜትር ለመሮጥ ተሰለፈ። በሁለተኛው ዙር ራሱን አዙሮት ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ወዲያው ዳነ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ስፖርት ለኔ አልተፈጠረም» እያለ ኳስ እንኳ አይነካም። ጥፋቱ ግን የልክ እንጂ የእግሩ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ የሆነ እንቅስቃሴ፤ ለጐልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል። ይህም ባንድ ጊዜ መፈጸም የለበትም። ወደ ትምህርት ቤት በፈጣን እርምጃ 20 ደቂቃ፤ ሲመለሱ 20 ደቂቃ የሄዱ እንደሆነ የቀረውን 20 ኳስ ይሞላዋል።

መካከለኛ የሚባለው የቱ ነው? መለኪያው ሁለት ነው።

1ኛ/ ንግግር። እየተንቀሳቀስን መነጋገር ከቻልንና መዝፈን ካቃተን ልክ ነው። መዝፈን ከቻልን ቀላል ነው፤ ጥቂት ቃል ተናግረን ለመተንፈስ ካቆምን ብርቱ ሆኗል።

2ኛ/ የልብ ትርታ። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። ለ17 ዓመት ልጅ 203 ይሆናል። ከዚህ ከመቶ 64 እስከ 76 ያለው፤ ማለት በደቂቃ ከ130 እስከ 154 የሚመታው፤ መካከለኛ ነው። የእጅ አንጓን በሁለት ጣት ይዞ 15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ማባዛት ይበቃል። ይህ ግምት ስለሆነ ከሰው ሰው ጥቂት ይለያያል።

ስለዚህ በጓደኛ ፍጥነት ራስን መለካት ስሕተት ነው። ላንዱ መካከለኛ የሆነው ዳገት ለሌላው ብርቱ ነው። ከድሬዳዋ ቈላ አዲስ አበባ የመጣ ልጅም አየሩ ስስ ስለሆነ እስኪለምደው ድረስ ቶሎ ያለከልካል።

እንግዲህ ጀማሪ በ10 ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምር። ድካሙ በማግሥቱ ጧት ካልለቀቀው ይቀንስ። ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ካዞረው ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ያማክር። በየቀኑ ጥቂት የሚሠራ፤ ባመት አንድ ቀን ብቻ ከሚሮጥ ይበልጣል።