ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን ክፈት

ልጄ፣ የእቁብ ዕጣህ ወጥቶልህ ቤት ያለችውን ኮምፒውተር «ኮር አይ 7 ላድርጋት» ብለህ ከቡታጅራ ስትደውልልኝ ደስ አለኝ። ነገር ግን ወልቂጤ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን በኖርሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር አይቻለሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚባክንበት የገዛው ዕቃ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ከቤቱ ማሽን ጋር ስለማይስማማ ነው። ምን መግዛት እንዳለብህ ሻጩን ሳይሆን አሮጌ ማሽንህን ጠይቅ። አጠያየቁን ልንገርህ።

1. ክዳኑን ከፍተህ ማዘርቦርዱን አንብብ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም አይበቃም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባል ማሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል፤ በ2023ም በዚያው ስም ሌላ ወጥቷል። ስማቸው አንድ ነው፤ የኋለኛው ፕሮሰሰር ግን ከፊተኛው ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ስምና ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳ። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንበት፤ ሶኬቱን፣ ቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፕ) እና የባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ቁጥር ያሳይሃል።

2. የሶኬቱን ቁጥር በቃልህ ያዝ። ሶኬት የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ነው። በኢንቴል ማሽኖች «ኤልጂኤ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የመገናኛ ነጥቦቹ ብዛት ነው። 1155 በ2011 መጣ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰር ይቀበላል። 1150 በ2013 ከአራተኛው ጋር፣ 1151 በ2015 ከስድስተኛው ጋር፣ 1200 በ2020 ከአሥረኛው ጋር፣ 1700 በ2021 ከአሥራ ሁለተኛው ጋር መጡ። ኤኤምዲ ግን ኤኤም4 የተባለውን ሶኬት ከ2016 ጀምሮ ለዓመታት ይዞ ቆይቶ ኤኤም5ን ያወጣው በ2022 ነው።

3. «ኮር አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃህም። ጀነሬሽኑን የሚነግርህ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ 3770 ሦስተኛ፣ 4770 አራተኛ፣ 10700 አሥረኛ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። አንድ መምህር ኮምፒውተሩን እንዳሻሽልለት ገንዘብ ሰጠኝ፤ አዲስ አበባ ሄጄ «ኮር አይ 7 ስጠኝ» አልሁና 4770 ይዤ ተመለስሁ። የመምህሩ ማሽን ሶኬት 1155 ነበር። 4770 የሚቀመጥበት 1150 እና ይህ 1155 በአምስት ነጥብ ብቻ ይለያያሉ፤ የጠርዛቸው ቅርጽ ግን ስለማይገናኝ አልቀመጥ አለኝ። ሻጩ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ፤ ሳላጣራ የሄድሁት እኔ ነኝ። የመምህሩን ገንዘብ ከኪሴ መለስሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እውነት ነው።

4. ገጥሞ የማይሠራም አለ። ያ 4770 እንኳ አልገባም ብሎ አስጠንቅቆኛል። 1151 ግን አያስጠነቅቅም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ጀነሬሽን ኤች 110ን በመሰሉ ባለ 100 እና ባለ 200 ቺፕሴቶች ላይ ይሠራሉ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ደግሞ ኤች 310ን የመሰለ ባለ 300 ይፈልጋሉ። ሶኬቱ በስምም በመልክም አንድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በልኩ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም፤ የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ተለውጠዋልና። ስለዚህ ከሶኬቱ ቀጥሎ ቺፕሴቱን፣ ከዚያም የማዘርቦርዱ አምራች ያወጣውን የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ተመልከት። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አትግዛ።

5. ባዮሱን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል አድስ። በ2011 የወጡ ባለ 1155 ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ሦስተኛውን ጀነሬሽን የሚያውቁት ባዮሳቸው ከታደሰ በኋላ ነው። አሮጌውን ነቅለህ አዲሱን ካስገባህ በኋላ ማሽኑ አይነሳምና ማደስ አትችልም። ደግሞ መብራት በሚሄድበት ሰዓት አትጀምር። በመሐል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ከሌለህ ተዋስ።

6. ሙቀቱን አስብ። ኮር አይ 3 3220 ሁለት ኮርና 55 ዋት ነው፤ ኮር አይ 7 3770 አራት ኮርና 77 ዋት። የተጨመረው ዋት ሙቀት ይሆናል። የፋኑን አቧራ ጥረግ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በንጹሕ አልኮል ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግ። ፓወር ሰፕላዩም የተጨመረውን ዋት መቻሉን አረጋግጥ፤ ስንት ዋት እንደሆነ ጎኑ ላይ ታነብበዋለህ።

7. እጅህን አረጋጋ። በኢንቴል ሶኬት ውስጥ ፀጉር የሚያህሉ፣ ወርቃማ፣ ሁሉም በአንድ በኩል ዘንበል ያሉ ሽቦዎች ታያለህ። በጣትህ አትንካቸው። አንዷ ከተጣመመች መብራቱን በጎን ብታበራ ከሰልፉ የወጣችውን ትለያታለህ፤ እኔ አንዲቷን በመርፌ ለማቅናት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። በኤኤም4 ግን እሾሆቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። የፕሮሰሰሩን ጥግ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኝና በራሱ ክብደት እንዲቀመጥ ተወው። መጫን ካስፈለገህ አንድ ነገር አልገጠመም ማለት ነው።

8. በመጨረሻም ፕሮሰሰር መቀየር ያስፈልግህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ማሽንህ ዘገምተኛ የሆነችው ሃርድ ዲስኩ ስላረጀ ከሆነ፣ ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም ከአዲስ ፕሮሰሰር ይልቅ ያፈጥኗታል። ራሙም ዲዲአር3 ነው ወይስ ዲዲአር4 ብለህ ለይ፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ማሽንህ ባለ 1155 ብትሆን፣ 3770 ያበረታታት እንደሆነ እንጂ ወደ 11 አያሻግራትም።

ይህን ሁሉ ካጣራህ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ጻፈው፦ የማዘርቦርዱን ስም፣ ሶኬቱን፣ ቺፕሴቱን፣ የባዮሱን ቁጥርና የምትፈልገውን ፕሮሰሰር ሙሉ ቁጥር። ወረቀቱን ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ አገር ቤት ለሚገባው ዘመድህ በጊዜ ላክለትና ፕሮሰሰሩን ገዝቶ ያምጣልህ፤ ያለ ወረቀቱ ግን ምንም እንዳይገዛልህ አደራ በለው።

የነቀልኸውን አሮጌ ፕሮሰሰርም አትጣለው። ጠቅልለህ ሶኬቱን ጻፍበት። ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ የዚያው ሶኬት ማሽን ኖሮት ፕሮሰሰሩ ተቃጥሎበት ይሆናል። ላንተ ያነሰው ለእሱ ልኩ ነው። እጅህን ይባርከው።