ሰንሰለቱ ፍሬንም ነው

ለልጆቻችን የምንገዛቸው ማርሽ የማይቀየርላቸው ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሚቆሙት ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ (ካቴናው) ከወለቀ ይህ ፍሬን አይሠራም። ቁልቁለት ላይ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። ልጁ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉትን እንፈትሽ፦

1. ሰንሰለቱን መሐሉ ላይ በጣታችን ወደ ላይና ወደ ታች እናንቀሳቅሰው። 1 ሳንቲሜትር ያህል ቢላላ ደህና ነው። በጣም ከላላ ሊወልቅ ስለሚችል የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

2. የእጅ ፍሬን ካለው ጨብጠን ብስክሌቱን እንግፋው፤ ፍሬን የተያዘው ጎማ መዞር የለበትም። ከሌለው ጠጋኙ እንዲገጥምለት እንጠይቅ።

3. ጎማዎቹ በደንብ መነፋታቸውን እንይ።

4. የራስ መከላከያው (ቃስዳው) ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ማሰሪያውም አገጭ ሥር ይታሰር። በእስራኤል ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሁሉ ግዴታ ነው።

የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ልጁ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ እንዲሻገር እናስተምረው።

በዮም ኪፑር መንገዱ በአብዛኛው ከመኪና ነፃ ስለሚሆን ብዙ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ፍተሻውን በዓሉ ሳይገባ እንጨርስ።